አንድ ወረዳ ስንት ዓይነት ምሁር ይፈልጋል?

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን፣ በዳሮ ለቡ ወረዳ ካለችው ከመቻራ ከተማ ወጣ ሲሉ ከቀዩ አፈር ሥር የኖራ ድንጋይ ይገኛል። በጁራሲክ ዘመን ይህ አገር ባሕር ነበረ፤ ድንጋዩም ከዚያ ባሕር ወለል የረጋ ደለል ነው። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ የዝናብ ውሃ ድንጋዩን እየሰረሰረ ዋሻ አወጣበት። አቸሬ፣ አይናጌ፣ ሩኪየሳ፣ በሮ እየተባሉ የሚጠሩት የመቻራ ዋሻዎች የተፈጠሩት እንዲህ ነው።

ዋሻው ውስጥ ጥቂት እርምጃ እንደገቡ የቀኑ ብርሃን ያልቃል። ነፋስ የለም፤ አየሩ እርጥብና ከባድ ነው። በባትሪ ሲያዩት ከጣሪያው በተንጠለጠለው ድንጋይ ጫፍ ላይ አንዲት የውሃ ዘለላ ቀስ እያለች ታብጣለች፤ ከዚያ ትወድቃለች። የምታርፈው ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ በሚያድግ ሌላ ድንጋይ አናት ላይ ነው። ይህን ከታች ወደ ላይ የሚያድገውን ድንጋይ ሳይንቲስቶች ስታላግማይት ይሉታል።

ያቺ ጠብታ ዋሻው ድረስ ረጅም መንገድ መጥታለች። ዝናብ ሆና ከላይ ማሳና ቁጥቋጦ ላይ ወርዳለች። አፈሩን ስታልፍ የእፅዋት ሥርና ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዳ ደካማ አሲድ ሆናለች። በዚያ አሲድ ኖራውን እያሟሟች ትወርድና ዋሻው አየር ላይ ስትደርስ ጋዙን ትለቃለች፤ ጋዙ ሲወጣ የተሸከመችው ኖራ ይረጋል። የሚረጋው እጅግ ስስ ሽፋን ነው። በመቻራ ዋሻዎች ከተገኙት ስታላግማይቶች አንዳንዶቹ ግን በየዓመቱ አንድ ንብር እየጨመሩ ያደጉ ናቸው፤ ተቆርጠው ሲወለወሉ ንብሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በልጉና ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ በሆነ አገር፣ እያንዳንዱ ዓመት ድንጋዩ ላይ ምልክቱን ትቶ ያልፋል።

ይህን ምልክት ለማንበብ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪው ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራትና ዛሬ በሕይወት የሌሉት መሐመድ ኡመር፣ ከውጭ ደግሞ አንዲ ቤከር፣ ሜላኒ ሌንግ፣ ጆን ገን እና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ተባብረው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ድረስ የዋሻዎቹን ሙቀት፣ አየርና የጠብታ ፍጥነት ተከታትለዋል፤ ውጤቱም በ2008 በዓለም አቀፍ የዋሻ ሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከነዚሁ ዋሻዎች የወጡ ጥናቶች በታወቁ የአየር ንብረትና የሥነ ምድር መጽሔቶች ወጥተዋል። ከበሮ ዋሻ በተገኘ አንድ ድንጋይ ላይ የተሠራውና በ2010 የታተመው ጥናት ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በዚህ አገር ዝናብ በየአሥርት ዓመቱ እንዴት ከፍና ዝቅ ይል እንደነበር ያሳያል። በ2018 የታተመው ደግሞ ከመቶ ሺህ ዓመት ወዲያ፣ ካለፈው የበረዶ ዘመን በፊት ወደነበረው ሞቃት ዘመን ይወስደናል።

አንድ ድንጋይ ለማንበብ ስንት ዓይነት ሙያ እንደተጠራ እናስተውል። ዋሻውን የሚመርጠውና የድንጋዩን አፈጣጠር የሚያውቀው የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። ዕድሜውን የሚያወጣው ግን የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ዩራኒየም በውሃ ይሟሟል፣ ቶሪየም አይሟሟም፤ ስለዚህ አዲስ በረጋ ኖራ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ዩራኒየም ብቻ ነው። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት እየፈረሰ ቶሪየም ይሆናል፤ የሁለቱ መጠን ሲለካ ድንጋዩ መቼ እንደረጋ ይታወቃል። በኖራው ውስጥ ያሉትን ከባድና ቀላል የኦክስጅን አቶሞች (ኢሶቶፖች) መጠን አነጻጽሮ ስለ ዝናቡ የሚናገረው ኬሚስቱ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው ዝናቡ ከየትኛው ውቅያኖስ ተነሥቶ እንደመጣ ይጠይቃል። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ደግሞ የታየው ውጣ ውረድ እውነተኛ ይሁን ወይስ የአጋጣሚ፣ ያን ይመዝናል። በአንድ ዋሻ ውስጥ እንኳ ጠብታ ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዱ ዝናብ በጣለ ማግሥት ይፈጥናል፣ ሌላው በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተጠራቅሞ ከቆየ ውሃ ይመጣል። ዓመታት የወሰደው የዋሻ ክትትል የተደረገው ይህን ለመለየት ነው። ያለ ትዕግሥት የተነበበ ድንጋይ ያሳስታል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ሆኖም ድንጋዩ «በዚህ ዘመን ዝናብ አነሰ» ካለን በኋላ ዋናው ጥያቄ ገና አልተነካም፤ ዝናብ ሲያንስ ሰው ምን ሆነ? ይህን ኦክስጅን አይመልሰውም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን ለመረዳት ከድርቁ ጋር ከብቱን የፈጀውን የቀንድ ከብት ደስታ፣ ያለ በሬ የቀረውን ገበሬ፣ የዘመኑን ጦርነት ማወቅ ያሻል፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚያ ረኀብ የጻፉት ከተጓዦችና ከዜና መዋዕል ምስክርነት እያሰባሰቡ ነው። ስለ 1966 ዓ.ም. ረኀብ የኢኮኖሚክስ ምሁሩ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ሥራ ወሎ እህል አጥቶ ብቻ ሳይሆን ሰዉ የመግዛት አቅም አጥቶ እንደተራበ አሳይተዋል። ከወሎ ቀጥሎ ጉዳቱ የበረታው በሐረርጌ እንደነበረም እዚያው ላይ ሰፍሯል፤ አርብቶ አደሩ ከብቱን ሸጦ የሚያገኘው እህል እያነሰ እያነሰ ሄዶ ነበር። የጂኦግራፊው ምሁር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን የረኀብ ታሪክ መርምረው ገበሬውን ለረኀብ የሚያጋልጠው ድርቁ ብቻ ሳይሆን የተጫነበት ሥርዓት ጭምር መሆኑን ተከራክረዋል። ድርቅ የሰማይ ነገር ነው፤ ረኀብ ግን የገበያ፣ የመንገድ፣ የመንግሥትና የመሬት ነገር ነው። የዋሻውን ድንጋይ ያነበበና የገበያውን ታሪክ ያነበበ በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ ሁለቱም ግማሹን ነው የሚያውቁት።

አንድ ሙያ ብቻውን እንደማይበቃ ከጫት በላይ የሚያሳይ ነገር በምዕራብ ሐረርጌ የለም። በገለምሶና በበዴሳ ቅጠሉ ይቀጠፋል፣ በዙርባ ይታሰራል፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት በቅጠል ይጠቀለላል፣ ከዚያ ኢሱዙው ላይ ይጫናል። ሾፌሩ አይዘገይም፤ የችኮላው ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ከለጋ የጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ካቲኖን ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካቲን ወደተባለ ኃይሉ የደከመ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው ይህን ስም ባያውቀውም ጠውላጋ ጫት ገዢ እንደማያገኝ ያውቃል፤ የጭሮ መንገድ ላይ የሚሮጠው መኪና ከዚህ ሞለኪውል ጋር እሽቅድምድም ላይ ነው።

ኬሚስቱ ግን ለምን ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት እንደተከለ ሊነግረን አይችልም። ያን የሚነግረን የታሪክ ተመራማሪው እዝቅኤል ገቢሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ከ1875 እስከ 1991 ያለውን የሐረርጌ የጫት ታሪክ ተከትሏል። ጫት በሐረርጌ ገበሬ ዘንድ የተስፋፋው መሬቱ እየጠበበ፣ ባቡርና መንገድ ገበያውን እያቀረቡ፣ የቡናው ዋጋ እየዋዠቀ ሲሄድ ነው። ሐኪሙ ስለ ልብ ምትና እንቅልፍ ማጣት ይናገራል። የኢኮኖሚክስ ባለሙያው አንድ ቤተሰብ በዓመት ስንት ጊዜ ቅጠል ቆርጦ ጥሬ ገንዘብ እንደሚያገኝ ይቆጥራል። የውሃ መሐንዲሱ ደግሞ ጫቱ በበጋ የሚጠጣውን ውሃ ይለካል። በምሥራቅ ሐረርጌ ያለው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲደርቅ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ የሚሳበው ውሃ፣ ሌላው ከተራቆተው ኮረብታ የታጠበው ደለል ነበር። ሐረር ከተማም ከሐይቁ ትጠጣ ስለነበር ውሃ ከድሬ ዳዋ በኩል በቧንቧ ሽቅብ ማምጣት ግድ ሆነ። ስለዚህ ስለ ጫት «ይታገድ» ወይም «ይስፋፋ» ብሎ አንድ ሙያ ብቻውን የሚሰጠው ፍርድ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን ፍርድ አላምነውም።

ወደ መቻራ እንመለስ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አካል የሆነው የመቻራ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚህ ነው፤ ከሥራዎቹ ዋነኛው የሐረር ቡና ነው። የሐረር ቡና ታጥቦ አይፈለፈልም፤ ከነገለባው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሆናል። ገበሬው መድረቁን የሚያውቀው ፍሬውን ጆሮው ሥር አድርጎ ሲያናውጠው ነው፤ ፍሬው ውስጡ ካንኳኳ ደርሷል፣ ካላንኳኳ ፀሐዩ ይጨመርለታል። ይህች የእጅና የጆሮ መለኪያ በላቦራቶሪ ካለው የእርጥበት መለኪያ ጋር አብራ ልትመረመር የሚገባት እውቀት ናት።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲታይ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዘር ፍለጋ ተነሡ። ሥራው ግን በከፋና በኢሉባቦር የተመረጠው ዘር ሐረርጌ ሲደርስ የሐረርን ቡና ጠባይ እንደማይሰጥ አሳየ፤ አንዱ አካባቢ ያለማው ለሌላው አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሐረርጌው ከራሱ ቡና የተመረጡ አራት ዝርያዎች ወጡ፤ ስማቸው ሐሩሳ፣ ሞካ፣ ቡልቱምና መቻራ-1 ነው። የዘር ተመራማሪ በሽታን፣ ምርትንና ጣዕምን ባንድነት ያያል፤ ቀማሹ ግን የሐረር ቡና ብሎ የሚገዛው የጣዕሙን ጠባይ ነው። እዚህ ላይ ሕግ ገባ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነሣ፤ በ2007 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። የስሙ ዋጋ ለገበሬው እንዲደርስ የተደረገው ትግል የሕግ ባለሙያ ጥናት የጠየቀ ነበር። ስለዚህ በአንድ ስኒ ቡና ዙሪያ የዘር ሳይንስ፣ የበሽታ ሳይንስና የአእምሯዊ ንብረት ሕግ በአንድ ላይ ይሠራሉ።

ስለ መሐንዲሱ ሥራ ስንናገር ሁንዴ ላፍቶን ሳንጠቅስ አናልፍም። በጨርጨር ደጋ ላይ ባለው በዚህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተተከለ። የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ያካሄደው ፕሮግራም ነበር፤ ሀንስ ሁርኒ ከመሪዎቹ አንዱ ናቸው። እንደ አንጀኒና ማይባር ያሉ ጣቢያዎችም የዚሁ ፕሮግራም ናቸው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ዝናቡን መለካት፣ ከተዳፋቱ የሚወርደውን ጎርፍ መለካት፣ ጎርፉ የሚያጥበውን አፈር ማጥለልና መመዘን። ይህ ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ ሲሠራ ግን ለእርከን ሥራ የሚደረገው ድካም የትኛው ቁልቁለት ላይ ምን ያህል እንደሚያዋጣ መናገር ይቻላል። አገራችን ውስጥ እንደዚህ ያለ ረጅም ልኬት ያለው ስፍራ ጥቂት ነው፤ የያዘው መረጃ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

በዚሁ ዞን ከሜኤሶ ወረዳ ወገን ባለው በቾሮራ ደግሞ ጥያቄው እጅግ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጌን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 በኔቸር መጽሔት ያስታወቁት ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ የተባለው ትልቅ ዝንጀሮ የሚታወቀው በዘጠኝ ጥርሶች ነው። በኋላ የተሠራው የዕድሜ ልኬት እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ገደማ አድርጎታል። ዘጠኝ ጥርስ ብቻ ይዞ የጎሪላና የሰው የዘር ሐረግ መቼ እንደተለያየ መከራከር የጥንተ ሕይወት ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል።

የሰው ታሪክና ባህል ጥናት በዚህ ዞን እንዲያው ከዳር የተጨመረ ነገር አይደለም። በጭሮ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከኦዳ ቡልቱም ነው፤ ይህም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ሆኖ ከታላላቆቹ ኦዳዎች አንዱ ነው። ገዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ ቅርሶች ተመዝግቧል። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የገዳ ጥናት ንዑስ ርዕሱ «የአፍሪካን ኅብረተሰብ ለማጥናት ሦስት መንገዶች» የሚል ነበር፤ ምሁሩ ራሳቸው ከአንድ መንገድ ብቻ ሆነው ነገሩን ማየት እንዳልበቃቸው ርዕሱ ይናገራል። የሐረርጌው ሼህ በክሪ ሳጳሎ ደግሞ ለኦሮምኛ የራሱን ፊደል ቀርጸው ያስተማሩ ምሁር ነበሩ፤ ሥራቸውን ሪቻርድ ሄይዋርድና መሐመድ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም አስተዋውቀዋል። ቋንቋን ያጠና ሰው ባይኖር ያን ፊደል ዛሬ የሚያውቀው ስንት ሰው ይኖር ነበር?

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮ ራሷም የዚሁ ታሪክ አካል ናት። የጨርጨርን ግዛት ከ1910ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከተማዋን የግዛታቸው ማዕከል አድርገው አስፋፍተዋታል። እኚህ ሰው በሩሲያ በመድፈኛነት ሠልጥነዋል፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጽፈዋል፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን አርቅቀዋል፤ ጣልያን ሊወርረን በተነሣ ጊዜም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟግተዋል። የመድፍ ሒሳብ፣ ትያትርና ሕግ በአንድ ሰው ውስጥ ነበሩ፤ አስተዳዳሪው ከሁሉም ይቀዳ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ሁሉን ማወቅ አይችልም፤ ዕውቀቱ በጣም ሰፍቷል። ስለዚህ ያኔ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ንግግር አሁን በሰዎች መካከል መካሄድ አለበት።

እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 70 በመቶ ተማሪያቸውን በተፈጥሮ ሳይንስና ምሕንድስና፣ 30 በመቶውን በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብዓዊ ትምህርት እንዲቀበሉ ተወስኖ ነበር። የአገሪቱን መሐንዲስ ማብዛት ትክክል ነበር። ስሕተቱ ታሪክ፣ ቋንቋና ፍልስፍና ትርፍ ናቸው የሚል ስሜት መፍጠሩ ነው። የውሃ መሐንዲሱ ግድቡን ሠርቶ ውሃውን ማን እንደሚከፋፈለው፣ የመሬቱ ድርሻ በአካባቢው ወግ እንዴት እንደሚታይ፣ ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ የሚቀመጠው የት እንደሆነ ካልጠየቀ፣ ሥራው በግማሽ ይቀራል። ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ደግሞ ኢሶቶፕ ምን እንደሚል ካልሰማ ክፉ ቀንን ከዜና መዋዕል ብቻ ቢጽፍ ሰማዩን ሳያይ ጻፈ ማለት ነው።

ሌላው ነገር ውጤቱ ለአገሩ አለመመለሱ ነው። የመቻራ ዋሻ ጥናት የታተመው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሁንዴ ላፍቶ ልኬትና የሐረርጌ ጫት ታሪክም እንዲሁ። ይህ ለዓለም ሳይንስ ተገቢ ነው፤ ተመራማሪዎቹም አልተሳሳቱም። ነገር ግን የዳሮ ለቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከደጁ ያለ ድንጋይ በዓለም መጽሔት ላይ እንደሚጠቀስ የሚያነብበት በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ ተገቢው መጽሐፍ ሊኖረው ይገባል። ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ሐረማያ፣ ጭሮ ያለው ኦዳ ቡልቱም፣ የመቻራው ግብርና ምርምር ማዕከልና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁሉም የዚህን ዞን ጥናት በየፊናቸው ይዘዋል። አንድ የጋራ ቤተ መጻሕፍትና በየዓመቱ በየሙያው ያሉ ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ስለ ውሃ ወይም ስለ ጫት፣ አብረው የሚመክሩበት ጉባኤ ማቋቋም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ዋሻዎቹም ይጠበቁ። ስታላግማይት ሲሰበር ተመልሶ የሚበቅለው በሺህ ዓመታት ነው፤ ለማስታወሻ ተብሎ የተቆረጠ ድንጋይ ተመራማሪው ሊያነበው ከነበረው መዝገብ የተቀደደ ነው። የወረዳው አስተዳደር፣ የቱሪዝም ቢሮውና ትምህርት ቤቶች ዋሻውን ለጎብኚ ከመክፈታቸው በፊት ሳይንቲስቶቹን ጠርተው የትኛው ክፍል ለምርምር ብቻ ተለይቶ እንደሚዘጋ ይወስኑ። ለዩኒቨርሲቲዎቹ መምህራን ደግሞ ጥያቄዬ አጭር ነው፤ በሚቀጥለው የመመረቂያ ጥናት ላይ አማካሪ ስትመርጡ ከሌላ ፋኩልቲ አንድ ሰው ጨምሩ።